ስታዲየሙ በማን ስም ይጠራ? መንግሥቱ ወይስ ሉቺያኖ?

ሚስማር ተራ፦ ሰላም የቡድናችን ሰዎች። የአዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። በጃንሆይ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ነበረው። ከዚያ ወዲህ የከተማው ስም ብቻ ቀረለት። ለእኔ "መንግሥቱ ወርቁ ስታዲየም" መባል አለበት። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል ያለው ሌላ ኢትዮጵያዊ ጥሩልኝ። እዚሁ ስታዲየም ግብፅን በፍጻሜው አሸንፈን በወሰድነው የ1954ቱ ዋንጫ ብቻ 3 አግብቶ ከግብፁ ባዳዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋርቷል። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት ይዞ ሊቢያ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍነው 31 ዓመት ቆይተን ነው። ያላመነ ይምጣ!

የድሬ ልጅ፦ አቦ ተው! ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው ማነው? አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ። ድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ የተጫወተው ሉቺያኖ። አንተ ጎል ትቆጥራለህ፣ እኔ ደቂቃ ልቁጠርልህ። ግብፅ 2 ለ 1 እየመራች 84ኛው ደቂቃ ላይ ያስተካከለው እሱ ነው። 6 ደቂቃ ሲቀር! እሱ ባያገባ ጭማሪ ሰዓት የለም። ጭማሪ ሰዓት ከሌለ የወንድሙ የኢታሎ ጎል የለም፣ 117ኛው ደቂቃ ላይ የገባው የመንግሥቱም የለም። 3 ለ 2 እየመራን የገባችው አራተኛዋማ ምርቃት ናት።

ሚስማር ተራ፦ ምርቃት አልካት? መንግሥቱ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ቱኒዚያን ሁለት ባያገባባት ፍጻሜውን የት ታገኘው ነበር? ያን ጊዜ 84ኛ ደቂቃህን ድሬ ቁጭ ብለህ ትቆጥራት ነበር።

ከማን አንሼ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና እናንተ ስትጨቃጨቁ እኔ ትንሽ ያስቀኛል። ያ ውድድር እኮ የ4 አገር ነበር። እኛ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ። ሁለት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ! ያውም በገዛ ሜዳ። እኔ ያየሁት የአዳነ ግርማን ጎል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በሻምፒዮኗ ዛምቢያ ላይ። በዓይኔ ያየሁትን ትቼ አያቴ በጆሮው የሰማውን ስታዲየም ላይ ልለጥፍ?

የድሬ ልጅ፦ እህቴ፣ አራት አገር መሆኑ እውነት ነው። ግን ከአራቱ አንዷ ግብፅ ናት። የ1957ቱንም የ1959ኙንም ዋንጫ በፈረንጅ አቆጣጠር የወሰደችው። ካርቱም ላይ በፍጻሜው 4 ለ 0 የቀጣችን። ካይሮ ላይም ያንኑ 4 ለ 0 የደገመችልን። በሦስተኛው ስንገናኝ እኛም አራት አገባን። ይሄ ለአንቺ ትንሽ ነው?

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ "በጆሮው የሰማው" የተባልኩት እኔ ነኝ መሰለኝ። ልክ ናት ልጅቷ፣ በጆሮዬ ነው ያየሁት።

ጥር 13 ቀን 1954፣ እሑድ፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት። 11 ዓመቴ ነበር። ለጥምቀት የተሰጠኝ ስሙኒ ነበረችኝ፣ ዋዜማውን ሸንኮራ በላሁባት። ስለዚህ ከአጥር ውጪ ቀረሁ። ዛፍ ላይ ልወጣ ስል ትልልቆቹ ልጆች ገፍተው አወረዱኝ። ከታች ቆሜ ጩኸት ማዳመጥ ሆነ ሥራዬ። መጀመሪያ ግብፅ ስታገባ ምንም አልሰማሁም። ዝም አለ፣ በቃ። ከዛፉ ላይ ነው የነገሩን። ብዙ ቆይቶ ተክሌ ኪዳኔ ሲያስቆጥር ግን መሬቱ ራሱ ተነሳ። ዘለልኩ። ዘልዬ ሳልጨርስ እንደገና ጸጥ! ጎሉ የተሻረ መሰለኝ። ለካ በደቂቃው ያ ባዳዊ ደግሞ አግብቷል።

ከዚያ የሉቺያኖ መጣች። ከዚያ ሰዓቱ አለቀ ተባለ፣ ግን ሰው አይወጣም። ጭማሪ ሰዓት የሚባል ነገር እኔ የት አውቄ! ሰው ተጣልቶ ነው የቀረው ብዬ ፈራሁ። አራተኛዋ ስትገባ ዘበኞቹም ልባቸው ውስጥ ነበር መሰለኝ በሩ ተለቀቀ። በሰው እግር መሀል ሾልኬ ገባሁ። አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ብልጭ ሲል አየሁና ዋንጫው ነው አሉኝ። የሉቺያኖን ክርን አይቻለሁ እያልኩ ለልጆቼ 40 ዓመት አውርቻለሁ። ክርኑ የማን እንደነበር እንኳ እግዜር ይወቀው።

ከማን አንሼ፦ አባባ ይቅርታ፣ እርስዎን ማለቴ አልነበረም 🙏

ጡረተኛው፦ ኧረ ምንም አይደል ልጄ። እርስዎ ማለቱንም ተይው፣ አንተ በይኝ።

የአስመራ ልጅ፦ እኔ ዝም ልል ነበር። ግን ስለ ሉቺያኖ ስታወሩ አንድ ነገር ሁልጊዜ ትዘላላችሁ። ሰውየው አስመራ ነው የተወለደው፣ በ1935 እንደ ፈረንጅ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያን። የጀመረበት ክለብ ስቴላ አስማሪና የክልሶች ክለብ ነበር። ያኔ ክልስ መሆን ማለት ከሁለቱም ወገን መገፋት ነው። ሐበሻው "የጣሊያን ዲቃላ" ይልሃል፣ ጣሊያኑ ከነጭራሹ አያይህም። ከዚያ ተነስቶ ነው የኢትዮጵያ አምበል የሆነው። ከዚያስ? በደርግ ጊዜ ተሰደደ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው ጣሊያን ሞተ። በሕይወት እያለ ስንቶቻችሁ አስታወሳችሁት? አሁን የእኛ ነው የእናንተ ነው የሚል ክርክር ባነሳ ደግሞ የት ይደርሳል? ቤታችን እንኳ ሲነሳ እራት ይበላሻል።

ሚስማር ተራ፦ ይሄን አልመልስልህም፣ ልክ ነህ። ዋንጫው ሲወሰድ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ነበረች። ያን ቡድን ከሁለት ልቁረጠው ብትል ሜዳ ላይ የሚቀርልህ ሰው አይበቃም። ግን መንግሥቱም ሲሞት፣ በ2003፣ የቀባሪው ብዛት ሌላ ነው፣ በስሙ የቆመለት ሌላ ነው። የኔ ጭቅጭቅ ለዚህ ነው።

ካታንጋ፦ ሁላችሁም ተሳስታችኋል 😂 ስሙ "ይድነቃቸው ተሰማ ስታዲየም" ነው፣ ጨርሰናል። 23 ዓመት ለጊዮርጊስ ተጫወተ። የ1954ቱን ቡድን ያሰለጠነው እሱ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ ከመሠረቱት አንዱ እሱ። ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስኪሞት የካፍ ፕሬዚዳንት እሱ፣ እነዚህ ሁለቱ ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው። የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከእግር ኳሱ ለማስወጣት ሲታገል የኖረ ሰው ነው። መንግሥቱንም ሉቺያኖንም ያሰለፈው እሱ ነው እኮ! ልጆቹ ሲጣሉ ቤቱ በአባትየው ስም ይቀመጣል።

የድሬ ልጅ፦ ይሄማ ማምለጫ ነው። የተጠየቀው ተጫዋች ነው።

ካታንጋ፦ 23 ዓመት የተጫወተው ምን ነበር ታዲያ፣ ገበጣ?

ከማን አንሼ፦ አባባ፣ አንተ ፍረድ። ሁለቱን አይተሃቸዋል አይደል?

ጡረተኛው፦ በ1960 የአፍሪካ ዋንጫ እንደገና እዚሁ ሲመጣ ደሞዝተኛ ነበርኩ፣ ከፍዬ ገባሁ። ሁለቱም ነበሩ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸነፍን፣ ዋንጫውን በወሰደችው ኮንጎ። ሉቺያኖ መሀል ሜዳ ላይ ነው፣ መንግሥቱ ፊት። አማካይና አጥቂን ማወዳደር ሹፌርና ረዳትን ማወዳደር ነው። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ሒሳብ ይሰበስባል።

ሚስማር ተራ፦ አባባ! መንግሥቱን ረዳት አልከው?

ጡረተኛው፦ ሒሳቡ 10 ነው አላልክም? ማን ሰበሰበው ታዲያ 😄

የአስመራ ልጅ፦ 😂😂 ይሄን ተቀብያለሁ።

ከማን አንሼ፦ እሺ እኔም ልሸነፍ። ግን ሐሳብ አለኝ። ስታዲየሙ ለይድነቃቸው ይሁን። ከዚያ የተመልካች ቦታዎቹን እናከፋፍል። ጥላ ፎቅ በሉቺያኖ ስም፣ ዋንጫ የሚሰጠው እዚያ ስለሆነ። ከጎሉ ጀርባ ያለው በመንግሥቱ። ለአዳነ ግርማም አንድ በር አትከልክሉኝ።

የድሬ ልጅ፦ ጥላ ፎቅ ከተሰጠን ድሬ ትስማማለች።

ሚስማር ተራ፦ ከጎሉ ጀርባ ብቻ? እሺ፣ ግን ካታንጋ የሚባለው የተመልካች ቦታም ይጨመር። "መንግሥቱ ወርቁ ካታንጋ"።

ካታንጋ፦ ማን አባቱ ነው ካታንጋን የሚነካው? እዚያ ጋ ቁም! ስታዲየሙን የፈለጋችሁትን በሉት፣ ካታንጋ ካታንጋ ነው።

ጡረተኛው፦ በዚህስ ከልጁ ጋር ነኝ።