ሆሎው ቦዲ ልግዛ ወይስ ሰሚ ሆሎው? አንድ ዕድል ነው ያለኝ

የሐሙሱ ጊታር፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው። ጊታር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቦሌ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ አራት ሆነን ጃዝ እንጫወታለን፤ ቤዝ፣ ድራም፣ ሳክስፎንና እኔ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሰርግ አለ። እስካሁን የምጫወተው በድፍን ጊታር ነው፣ የስትራቶካስተር ዓይነት። ለሰርጉ አሳፍሮኝ አያውቅም። ሐሙስ ማታ ግን ድምፁ ይቀጥንብኛል። ትዝታን ቀስ ብዬ ስጫወት ከእንጨት የሚወጣ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ያምረኛል።

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ለገና ሲመጣ አንድ ጊታር ይዤልህ እመጣለሁ ብሎኛል። ያለኝ 700 ዶላር ነው፤ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት። ከተሳሳትኩ መመለሻ የለውም።

ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወፍራሙ ሆሎው ቦዲ (ውስጡ ባዶ የሆነው) ነው፣ የጊብሰን ኢኤስ-175 ዓይነት። ሌላው ቀጭኑ ሰሚ ሆሎው (በከፊል ባዶ የሆነው)፣ የኢኤስ-335 ዓይነት። የአክስቴ ልጅ ከአንድ ሱቅ ፎቶ ልኮልኛል። ያገለገለ፣ ቀጭን፣ ቀይ፣ ፊቱ ላይ ሁለት ኤፍ ቀዳዳ (በ f ፊደል ቅርፅ የተቀደደ) ያለው ጊታር ነው። ሻጩ «335 በለው» ብሎታል። ዋጋው 520 ዶላር። ይሄን ይያዝልኝ ወይስ ወፍራሙን ይፈልግልኝ? ሁለቱንም መድረክ ላይ የተጫወተበት ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የስልቨር ስፕሪንጉ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የራሴን ነገር አስታወሰኝ። ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

እዚህ ሜሪላንድ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ዓርብ ዓርብ እንጫወት ነበር። ያኔ የጃዝ ጊታሪስቶቹን ጆ ፓስንና ዌስ ሞንትጎመሪን ሌት ተቀን ነው የምሰማው። ጆ ፓስ በ175፣ ዌስ በኤል-5 ነው የሚታወቁት፤ ሁለቱም ጊታሮች ውስጣቸው ባዶ ነው። እኔም ወፍራም ሆሎው ቦዲ ገዛሁ። ቤት ውስጥ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ሳልሰካ እንኳ ደረቴ ላይ ይነዝረኝ ነበር። ልጄን የማስተኛት በሱ ነው።

ዓርብ ደረሰ። መድረኩ ጠባብ ነው፣ የቤዙ አምፕ ከኋላዬ ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ደህና ሄደ። ሁለተኛው ላይ ቤዝ ተጫዋቹ ኤ ኖታ ላይ ሲያርፍ፣ ጊታሬ እጄ ሳይነካው ማጉረምረም ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና። ከዚያ እየጨመረ መጥቶ ቤቱን ሞላው። ሰው ጉርሻውን ይዞ ቀና አለ። ክሮቹን በመዳፌ አፈንኩ፤ አልቆመም። በደመ ነፍስ ክንዴን የላይኛው ኤፍ ቀዳዳ ላይ ጫንኩት። እንጨቱ ሥሬ እንደ ከበሮ ቆዳ ሲርገበገብ ተሰማኝ። ጫን ሳደርገው ዝም አለ። ክንዴን ሳነሳ ተመልሶ መጣ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የሆሎው ቦዲ ፊት ስስ እንጨት ነው፣ ከሥሩ አየር ብቻ ነው ያለው፣ እንደ ክራር ሳጥን። የተሠራውም እንዲነዝር ነው። ከአምፕ የወጣ ድምፅ ፊቱን ይመታዋል፣ ፊቱ ክሩን ያንቀሳቅሰዋል፣ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) ያንን ወስዶ መልሶ ለአምፑ ይሰጠዋል። እየዞረ እየዞረ ይጮሃል።

የሚገርምህ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ጊብሰን ኢኤስ-150ን ሲያወጣ ጭንቀቱ ሌላ ነበር። ጊታር በጥሩንባዎቹ መሃል አይሰማም ነበር። የጃዝ ጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያን በዚያ ጊታር አሰማው። ሃያ ዓመት ሲቆይ ደግሞ መድረኩ ሁሉ ጮኸና ባዶው ሳጥን አስቸገረ። በ1958 ባወጡት 335 ውስጥ ከአንገት እስከ ታች፣ መሃል ለመሃል የሜፕል ግንድ ከተቱበት። ግራና ቀኙ ባዶ፣ መሃሉ ድፍን። ብሪጁም (ክሮቹ የሚያርፉበት ድጋፍ) ፒክአፑም የሚያርፈው እዚያ ግንድ ላይ ስለሆነ ቶሎ አይነዝርም። በ1980 በቢ ቢ ኪንግ ስም የወጣው ሉሲልማ ጭራሽ ኤፍ ቀዳዳ የለውም።

አሁን ከጩኸቱ ይልቅ ላንተ ወደሚበልጠው ልምጣ። ትዝታ እጫወታለሁ ብለሃል። ትዝታ ላይ አንዷን ኖታ ይዘህ ማቆየት አለብህ፣ እንደ ማሲንቆ እያስለቀስክ። ሆሎው ቦዲ ኖታው ሲነሳ ግሩም ነው፤ ቶሎ ግን ይሞታል። ለኮርድ ሸጋ፣ ለእንጉርጉሮ አጭር። ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገጠምለት ወፍራሙ፣ ቁጥር 12 የሚባለው ክር ነው። ሦስተኛው ክር ራሱ ሽቦ የተጠመጠመበት ይሆናል። ገፍቼ ላስለቅሰው ብትል ጣትህን ይበላዋል እንጂ እሺ አይልህም። ሰሚ ሆሎው ላይ ቀጭኑን፣ ቁጥር 10 ክር አድርገህ እንደ ልብህ ትገፋዋለህ፣ ኖታውም ይቆይልሃል።

እኔ ስምንት ወር ታገልኩ። ጥቁር ስፖንጅ ቆርጬ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ወተፍኩ። ጩኸቱ ቀነሰ፣ የወደድኩለት ድምፅም አብሮ ቀነሰ። በመጨረሻ ሰሚ ሆሎው ገዛሁ። ሆሎው ቦዲውን ግን አልሸጥኩትም። ከአንድ ሳክስፎን ተጫዋች ጋር ለሁለት ስንቀመጥ የማነሳው እሱን ነው። ድራም ከሌለ የሚደርስበት የለም።

አንተ አንድ ጊታር ነው ያለህ፣ ሰርግም አለብህ። ሰሚ ሆሎው ውሰድ። የ175ን ያህል የእንጨት ድምፅ ታገኛለህ ብዬ አልዋሽህም። የአንገቱን ፒክአፕ ክፈት፣ ቶኑን ወደ ግማሽ አውርደው፣ ቢያንስ ሰፈሩ ትደርሳለህ።

ባለ መፍቻዋ፦

ጋሼ ባሉት እስማማለሁ። እኔ አራት ኪሎ ጊታር እጠግናለሁ። ብሪጁን ልጨምር። የብዙዎቹ ወፍራም ሆሎው ቦዲዎች ብሪጅ በብሎን አልታሰረም፤ ክሮቹ ተጭነውት ብቻ ነው የሚቆመው። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ብሪጁን በፌስታል ይዞ መጣ። «ጊታሬ ተሰበረ» አለኝ፣ ፊቱ ጠቁሯል። ምንም አልተሰበረም። ስድስቱንም ክር በአንዴ ፈትቶት ነው። እንዲህ ያለ ጊታር ላይ ክር አንድ በአንድ ነው የሚቀየረው። ከአሜሪካ በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ብሪጁ የቆመበትን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ከተንሸራተተ ቅኝቱ ይበላሻል።

አሁን ወደ ፎቶህ። አላማረኝም። ቀጭን ስለሆነና ኤፍ ቀዳዳ ስላለው ብቻ 335 አይባልም። የጊብሰን ኢኤስ-330 እና የኤፒፎን ካዚኖ ከሩቅ ሲያዩአቸው 335ን ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ግንድ የለም፣ ባዶ ናቸው። በሁለት ነገር ትለየዋለህ። አንደኛ፣ አንገቱ ከገላው ጋር ስንተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተተከለው የብረት መስመር) ላይ እንደሚገናኝ ይቁጠርልህ። 335 ላይ 19ኛው አካባቢ ነው፣ ካዚኖ ላይ 16ኛው። ሁለተኛ፣ የስልኩን መብራት በአንዱ ኤፍ ቀዳዳ ያስገባና ወደ መሃል ይይ። የእንጨት ግድግዳ ከጋረደው ሰሚ ሆሎው ነው። ከፍሎ ከወጣ በኋላ ሳይሆን እዚያው ሱቅ ውስጥ ያድርገው።

ዜማ ፈላጊ፦

ካዚኖን ግን እንዲህ አትናቁት! የቢትልሱ ጆን ሌኖን እ.ኤ.አ. በ1969 ጣሪያ ላይ የተጫወተው በካዚኖ ነው። ከአምፑ ፊት ዞር ብለህ ጎን ለጎን ከቆምክ ብዙ አይጮህም። ድምፁ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። ሰርግ ላይ ግን ስፒከሩ ከኋላህ ከሆነ አልከራከርም።

የሐሙሱ ጊታር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት የአክስቴ ልጅ ሱቁ ውስጥ ሆኖ በቪዲዮ ደወለልኝ። መጀመሪያ ፍሬቱን አስቆጠርኩት። 16። ከዚያ ሌላ ስልክ ተውሶ መብራቱን በላይኛው ቀዳዳ አስገባ። መብራቱ በታችኛው ቀዳዳ ወጣ። ሁለታችንም ዝም አልን። ባለ መፍቻዋ፣ እህቴ፣ ባትጽፊልኝ ኖሮ ሁለት ዓመቴን ይዤ ገደል ነበር የምገባው።

ዛሬ ሌላ ሱቅ ሄደ። ቡናማ ነው፣ ጀርባው ላይ የቀበቶ ጭረት አለው። መብራቱን ሲያስገባ «እንጨት ብቻ ነው የሚታየኝ» አለ። አንገቱም 19 ላይ ነው። 640 ዶላር። ጊታሩን አስይዟል፣ ቅዳሜ ሊወስደው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ያለው ቦርሳ የጨርቅ ነው፣ ሃርድ ኬዝ የለውም። ጋሼ፣ እርስዎ እዚያው ስላሉ ልጠይቅዎ፤ በቀረችኝ 60 ዶላር ያገለገለ ሃርድ ኬዝ ይገኛል?

የስልቨር ስፕሪንጉ፦

ብርህን አትንካ፣ ለክር ትሁንህ። የኔ 335 የድሮ ኬዝ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብሏል። አንዱ መቆለፊያው ላልቷል፣ በቀበቶ ያስረዋል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። የልጁን ስልክ በውስጥ መስመር ላክልኝና ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ እጠብቀዋለሁ። መብራቱንም እኔ ራሴ አንዴ አስገብቼ አይልሃለሁ።