የጂኦካሺንግ ካሽ ሳገኝ ለደባቂው ምን ብዬ ልጻፍ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ቤቶች። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ጂኦካሺንግ (ሰው የደበቀውን ዕቃ፣ «ካሽ» የሚሉትን፣ በጂፒኤስ ፈልጎ የማግኘት ጨዋታ) ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። ብዙ ሰው ካሽ ሲያገኝ ድረ ገጹ ላይ «ቲ.ኤፍ.ቲ.ሲ.» ብቻ ጽፎ ይሄዳል። «ስለ ካሹ አመሰግናለሁ» ማለት ነው አሉኝ። እኔም እንደዛው ልበል ወይስ ነውር ነው?

ጫካ ለጫካ፦
ነውር እንኳን አይደለም፣ ደረቅ ነው እንጂ። እኔ 6 ደብቄአለሁ። ሰው ባገኘ ቁጥር ኢሜይል ይደርሰኛል፣ ከፍቼ አራት ፊደል ብቻ ሳይ ቅር ይለኛል። ባለፈው ግን አንዷ ከልጇ ጋር በዝናብ ሦስቴ ዞረው ዞረው፣ በመጨረሻ ልጁ «አገኘሁት!» ብሎ ሲጮህ ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ደንግጠው እንደቆሙ ጻፈችልኝ። ለሚስቴ ሁሉ አነበብኩላት።

ሎሚ፦
እኔ አልስማማም። ፓርኪንግ ውስጥ መብራት ምሰሶ ሥር ለተወሸቀች ብልቃጥ ምን ድርሰት ይጻፋል? በቀን 40 የሚያገኝ ሰው እኮ አለ።

ጫካ ለጫካ፦
እሱስ ልክ ነሽ 😄 ለብልቃጧ አንድ መስመር ይበቃል።

መጥረቢያ፦
የተደበቀበትን ቦታ እንዳትገልጪ ብቻ፣ ለሚቀጥለው ሰው ጨዋታው ይበላሻል። ውስጡ ያለው የስም መጻፊያ ወረቀት ከራሰ ወይ ክዳኑ ከተሰነጠቀ ግን ለደባቂው ንገሪው፣ ከምስጋናው በላይ ይጠቅመዋል። ፕሪሚየም (ከፋይ) አባል ከሆንሽ ደግሞ ባገኘሽው በየ10 ካሹ አንድ የፌቨሪት (የ«ወደድኩት») ነጥብ አለሽ፣ ደስ ላለሽ ካሽ ስጪ።

ጀማሪዋ፦
የትናንቱ ውስጥ ጉንዳን ሞልቶበት ነበር። እሱንም ልጻፍ?

መጥረቢያ፦
ጻፊ እንጂ! ቀድመሽ እሱን ጻፊ።