አስቸኳይ፦ እኅቴ ከቆመ አውሮፕላን በመንሸራተቻ ወረደች፤ ፓስፖርቷ ውስጥ ቀረ፤ ምን ታድርግ?

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። እኅቴ እያለቀሰች ስለደወለች የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። አውሮፕላኑ ገና ከቆመበት ሳይነቃነቅ ከጣሪያው ነጭ ጭስ መውጣት ጀመረ፤ ከኋላ አንድ ሰው «ሐሪቅ! ሐሪቅ!» (እሳት! እሳት!) ብሎ ሲጮኽ ሕዝቡ ተነሥቶ እርስ በርሱ ተረጋገጠ። እርሷም ጫማዋን አውልቃ በመንሸራተቻው ወርዳለች። ክርኗ ተልጧል፤ ቁርጭምጭሚቷም አብጧል። ከሁሉ የከፋው ግን አስተናጋጇ ቦርሳዋን ከእጇ ነጥቃ ስለጣለችባት ፓስፖርቷና አምስት ዓመት የደከመችበት ገንዘብ እዚያው ቀርተዋል። አሁን አዳራሽ ውስጥ በባዶ እግሯ ተቀምጣለች። ከሰዎቹ አንዱ «ፓስፖርትሽ ጠፍቷል ብለሽ አመልክቺ» ብሏታል። ታመልክት? እናታችን ነገ ትደርሳለች ብላ ቡና ቆልታ ጎረቤት ጠርታለችና እስካሁን አልነገርኋትም።

ጦሳ ሥር፦
ወንድሜ፣ አብሽር። እኅትዎ በሕይወት ወጥታለችና ሌላው ቀስ ብሎ ይስተካከላል። ነገር ግን ያለችበትን አገር አልጻፉም። ከኢሚግሬሽን አልፋ ነበር ወይስ ገና ነበረች? ይህ ካልታወቀ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ግምት ነው።

መምህር ከወገል ጤና፦
በቅድሚያ መታወቅ ያለበት አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ከ44 በላይ መቀመጫ ያለው አውሮፕላን የበረራ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት፣ ከመውጫዎቹ ግማሾቹ ተዘግተው ሳለ፣ ሙሉው ተሳፋሪ በ90 ሴኮንድ ውስጥ ሊወጣ እንደሚችል መረጋገጥ ይኖርበታል። ባለ ሁለት ፎቁ ኤርባስ ኤ380 እ.ኤ.አ. በ2006 ሃምቡርግ ውስጥ ሲፈተን 873 ሰዎች በ78 ሴኮንድ ወጥተውበታል። ታዲያ በዚያ ፈተና ላይ ማንም ሰው የእጅ ቦርሳውን ከላይ ለማውረድ በመተላለፊያው ላይ አልቆመም። ስለዚህ አስተናጋጇ «ነጠቀቻት» የሚለው አገላለጽ ትክክል አይመስለኝም፤ ሥራዋን ነው የሠራችው። እ.ኤ.አ. በ1985 ማንቸስተር ላይ አንድ ቦይንግ 737 ለመነሣት ሲሮጥ ሞተሩ ተሰብሮ በእሳት ተያይዞ ከቆመ በኋላ፣ ከ137 ሰዎች 55ቱ ያለቁት ከነበልባሉ ይልቅ በአብዛኛው በጭሱ ነው። መውጫው ላይ የሚጠፋ እያንዳንዱ ሴኮንድ ሰው ይቆጠርበታል።

ሐይቅ ዳር፦
መምህር፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን እኅቴ አሁን ባዶ እግሯን ናት። ኹሩጅ (የመውጫ ማኅተም) ተመትቶላት፣ ከኢሚግሬሽን አልፋ ነው የተሳፈረችው። የቦርዲንግ ፓሷ ቁራጭ በእጇ አለ። ስልኳም አለ፤ ባትሪው ግን ሊያልቅ ነው።

ሰኞ ገበያ፦
ሐረጎ ቁልቁለት ላይ «ፍሬን ሸተተ» ሲባል ከሚኒባስ በመስኮት የወጣ አጎት አለኝ። ሁለት ጥርሱን እዚያው ጥሎ፣ ዶሮውን ግን በብብቱ እንደያዘ ነው የቆመው። ስለዚህ ዕቃን ጥሎ ስለመውጣት ከእኛ ሰፈር ሰው ምክር ባትጠብቅ ይሻላል። ከቀልዱ ባሻገር፣ ስልኳን ባትሪ እንዲቆጥብ አድርጋ በየግማሽ ሰዓቱ በአጭር መልእክት ብቻ ብታገኝህ ጥሩ ነው።

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
ለዓመታት በዚህ ሥራ ላይ ስለነበርሁ የማውቀውን በቅደም ተከተል ልንገርዎት። ከሁሉ በፊት ፓስፖርቷ ጠፍቷል ብላ እንዳታመለክት። ፓስፖርቱ አልጠፋም፤ ያለበት ቦታ የታወቀ ነው። አንድ ፓስፖርት ጠፋ ተብሎ ከተመዘገበ ይሰረዛል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቦርሳው ቢገኝ እንኳ በዚያ ፓስፖርት መጓዝ አትችልም። ሁለተኛ፣ ኹሩጅ ተመትቶላት ያለፈች ስለሆነ፣ ማንም «ነይ ወደ ውጭ እንውጣ» ቢላት የመውጫ ማኅተሟ ምን እንደሚሆን ሳትጠይቅ ከተሳፋሪዎች ክልል እንዳትወጣ።

ከእንዲህ ዓይነት ድንገተኛ መውረድ በኋላ አውሮፕላኑ ወዲያው አይከፈትም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገብተው ደኅና መሆኑን እስኪያረጋግጡ ድረስ ማንም ተሳፋሪ አይመለስበትም፤ ከዚያ በኋላ የቀሩትን ዕቃዎች የምድር ሠራተኞች ሰብስበው ያወጧቸዋል። እኅትዎ የቦርዲንግ ፓሷን ቁራጭ ለሠራተኛ አሳይታ የመቀመጫ ቁጥሯን፣ ቦርሳው ከወንበር ሥር ወይም ከላይ ወይም መተላለፊያው ላይ መቅረቱን፣ ቀለሙንና ውስጡ ያለውን በጽሑፍ ታስመዝግብ፤ የተመዘገበበትንም ወረቀት በስልኳ ፎቶ ታንሣው። ቁራጩን ግን ለማንም አሳልፋ እንዳትሰጥ። እርስዎ ደግሞ አሁኑኑ የቆዩ መልእክቶችዎን ይፈልጉ፤ ለቪዛ ወይም ለትኬት ብላ የላከችው የፓስፖርት ፎቶ በኢሞ ወይም በዋትሳፕ ሳይኖር አይቀርም። መልሰው ይላኩላት።

ጦሳ ሥር፦
የቦርዲንግ ፓሱን ቁራጭ እንዳትጥል። ይህ ዋናው ነገር ነው።

ጢጣ ኮረብታ፦
እኔ ግን ከመነሻው ያልገባኝ ነገር አለ። አውሮፕላኑ «ገና ሳይነቃነቅ» ነበር ተብሏል። መንሸራተቻው ደግሞ የሚነፋው አስተናጋጆቹ በሩ ከተዘጋ በኋላ ከበሩ ወለል ጋር ሲያያይዙት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ከውስጥ ከተከፈተ በራሱ ተነፍቶ ይዘረጋል። ስለዚህ ወይ በሩ ተዘግቶ ለመነሣት ተዘጋጅተው ነበር፣ ወይ ታሪኩ ተዛብቷል። ደግሞስ በቆመ አውሮፕላን ውስጥ ምን ያስሮጣል? ያ «ጭስ» የማቀዝቀዣው ጉም ነው። በባሕር ዳርቻ ከተሞች አየሩ እርጥበት ስለሚሸከም፣ በጣም የቀዘቀዘው አየር ከጣሪያው ሲወጣ እንደ ጭስ ይታያል፤ ሽታ የለውም፤ ወዲያውም ይጠፋል። ሕዝቡ በከንቱ ነው እርስ በርሱ የተረጋገጠው።

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
ስለ መንሸራተቻው የጻፉት ልክ ነው፤ በሩ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። ስለ ጉሙም ሊሆን ይችላል። «በቆመ አውሮፕላን ምን ያስሮጣል» የሚለውን ግን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2007 በኦኪናዋ ናሃ አንድ ቦይንግ 737 አርፎ ማቆሚያው ላይ ከቆመ በኋላ፣ ከክንፉ የወለቀ ብሎን የነዳጅ ታንኩን ወግቶት ነዳጅ ፈሰሰና ተቃጠለ፤ 165ቱም ሰዎች ከወጡ በኋላ ነው የፈነዳው። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2025 ደግሞ በቡሳን፣ ለመነሣት በሚጠባበቅ ኤርባስ ኤ321 ላይ ከኋላ በኩል ካለው የዕቃ ማስቀመጫ እሳት ተነሥቶ 176 ሰዎች በመንሸራተቻ ወርደዋል፤ መርማሪዎቹም ፓወር ባንክ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ከመቀመጫው የተነሣው ተሳፋሪ ጉም ይሁን ጭስ በዚያች ቅጽበት ሊለይ አይችልም። የሚያሳዝነው ሰው መፍራቱ ሳይሆን ትእዛዝ ሳይሰማ በሩን መክፈቱ ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ እሳት ያለበትን ወገን አስተናጋጇ በመስኮት አይታ የምትለየው ከመክፈቷ በፊት ነው። በክንፉ በኩል የወጣ ሰው ካለ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል። በ737 ክንፍ ላይ የሚወጣ ሰው ከኋላው ጠርዝ በወረደው ፍላፕ (ወደ ታች በሚዘረጋው የክንፉ ክፍል) ላይ ተንሸራትቶ ነው የሚወርደው፤ በቆመ አውሮፕላን ላይ ግን ፍላፑ የተጠቀለለ ስለሆነ መዝለል ግድ ይሆንበታል።

ጢጣ ኮረብታ፦
የናሃውን አላውቀውም ነበር። ቢሆንም የእኅታችን ጉዳይ ጉም ነው እላለሁ።

የደሴ ነርስ፦
ስለ ጉምና ስለ ጭስ ስትከራከሩ እግሯ ተረሳ። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ አራት እርምጃ መሄድ ካቃታት፣ ወይም አጥንቱን ጫን ሲሉት የሚያማት ከሆነ፣ ራጅ ሳትነሣ እንዳትሳፈር። በአውሮፕላን ማረፊያው ክሊኒክ አለ ወይ ብላ ትጠይቅ፤ ካለ በተሽከርካሪ ወንበር ይውሰዷት። እስከዚያው እግሯን ከፍ አድርጋ ትቀመጥ፤ በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ጠቅልላ ለሃያ ደቂቃ ያህል ታድርግበት። የክርኗ መላጥ ከመንሸራተቻው ጨርቅ ጋር በመፋተግ የሚመጣ ስለሆነ እንደ ቃጠሎም እንደ መላጥም ይቆጠራል። በንጹሕ ውኃ ታጥባ በንጹሕ ጨርቅ ትሸፍነው እንጂ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ሌላ ነገር እንዳትቀባው። ከክሊኒኩ የተጻፈ ወረቀት ሳትይዝ አትውጣ፤ ነገ «የት ተጎዳሽ?» ሲሏት የሚመልስላት እርሱ ነው።

ቦሩ ሜዳ፦
በነርሷ ቃል ላይ የምጨምረው አለ። በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የደረሰ የአካል ጉዳት በ1999 የሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 17 ይዳኛል፤ ተሳፋሪው በውስጥ ሳለም ሆነ ሲሳፈርና ሲወርድ የደረሰውን ይጨምራል። ክስ ማቅረቢያው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ስምምነቱ የሚናገረው ስለ አካል ጉዳት ስለሆነ፣ «ደንግጫለሁ» ማለት ብቻውን አያስከፍልም፤ ስለዚህ የክሊኒኩ ወረቀት ወሳኝ ነው። የምግብና የሆቴል ኩፖን ሲሰጧት በደስታ ትቀበል፤ ነገር ግን «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ከሥሩ ካለ፣ በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈውን ሳታስተረጉም እንዳትፈርም።

ሐይቅ ዳር፦
የፓስፖርቱን ፎቶ ባለፈው ዓመት ከላከችልኝ መልእክት ውስጥ አግኝቼ ልኬላታለሁ። ማመልከቻውን ትታዋለች። ወንበሯ 23ኛው ረድፍ በመስኮት በኩል ነበር፤ ቦርሳው ቡናማ ሲሆን ዚፑ ላይ እናታችን የሰጠቻት ቀይ ክር ታስሯል። ይህን አስመዝግባለች። አሁን ግን «በሌላ አውሮፕላን ጠዋት ትሄዳላችሁ» ተብለው፣ እርሷ ዳግመኛ አልሳፈርም ብላ እምቢ አለች። በመኪና ከዚያ አገር ወደ ወሎ አይመጣ ነገር!

ሰኞ ገበያ፦
በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ መግባት ይቻላል፤ የሚፈጀው ጊዜ ግን እናትዎ የቆላችው ቡና እስኪሻግት ድረስ ነው።

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
አትገደድ። ስትረጋጋ ግን ይህን ንገሯት፦ ስትሳፈር ለአስተናጋጇ «ትናንት በመንሸራተቻ ከወረዱት አንዷ ነኝ» ትበል፤ በሩ አጠገብ፣ በመተላለፊያው በኩል ወንበር ካለ ይሰጧታል። ከተቀመጠች በኋላ ከእርሷ እስከ መውጫው ስንት የወንበር መደገፊያ እንዳለ በእጇ እየዳሰሰች ትቁጠር። ፓስፖርቷንና ስልኳን ደግሞ በአንገቷ ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ ከረጢት በልብሷ ውስጥ ታድርግ። ያኔ ቦርሳ ጥላ ለመውረድ ልቧ አይከፈልም።

መርሳ ከተማ፦
ሰላም፣ አሁን ነው ያየሁት። ወደ ኤምባሲ ሄዳ ፓስፖርቴ ጠፋ ብትል ሌሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) ይሰጧታል፤ የአክስቴ ልጅ እንደዚያ ነው የመጣችው።

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
እባክዎ ከላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ሌሴ ፓሴ ቦርሳው ካልተገኘ ብቻ የሚታሰብ ነው።

የደሴ ነርስ፦
ሐይቅ ዳር፣ ነግቷል። ራጅ ተነሣች? ባለ ቀይ ክሩ ቦርሳስ ወጣ?