ሰፖርትድ ሊቪንግ፦ መድኃኒትና ሙቅ ውሃ ላይ ያደረግነው ማሻሻያ መሥራቱን በምን እናረጋግጥ?

የጎንደሯ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤቱ እንግሊዝ ውስጥ ያለ ሰፖርትድ ሊቪንግ ነው (ሰዎች በራሳቸው የኪራይ ቤት እየኖሩ የእንክብካቤ ድጋፍ የሚያገኙበት)፣ አራት ተከራዮች አሉ። የእንክብካቤ ተቆጣጣሪው ሲኪውሲ ሬጉሌሽን 12 (ደህንነቱ የተጠበቀ እንክብካቤ) እና 17 (የአስተዳደርና የቁጥጥር ሥራ) ተጥሰዋል ብሎ ጽፏል፤ ማር ቻርት (መድኃኒት ሲሰጥ የሚፈረምበት ቅጽ) ላይ ፊርማ ይጎድላል፣ የሻወር ውሃ ሙቀት አይለካም፣ የራሳችን ፍተሻ (ኦዲት)ም ይህን አላየም። የማሻሻያ ዕቅዱ ላይ አሁን ሁሉም "ተጠናቋል" ተብሏል። ተመልሰው ሳይመጡ ምን እንፈትሽ?

ቆጥሮ አደር፦
እህቴ፣ የተሟላ ፊርማ ብቻውን አያስተማምንም። ሹፍት ሲያልቅ ባንድ ትንፋሽ የተፈረመም ቻርት ክፍተት የለውም። ክኒኑን ቁጠሪ። በአንዴ አንድ ለሚሰጥ መድኃኒት፣ 28 ክኒን ገብቶ እስከ ዛሬ 11 ፊርማ ካለ 17 መቅረት አለበት። 19 ካገኘሽ፣ መጀመሪያ ካለፈው ወር የተረፈ ሳይመዘገብ ተደባልቆ እንደሆነ እይ፤ ካልሆነ ሁለት ዶዝ ተፈርሞ አልተሰጠም። 16 ከሆነ አንዱ ተሰጥቶ አልተፈረመም፣ ወይም ተደግሟል፣ ወይም ጠፍቷል። መደገሙ ከተጠረጠረ ሳይውል ሳያድር ለጂፒው (ለቤተሰብ ሐኪሙ) ወይም ለ111 (የጤና ምክር ስልክ) ይደወላል። በግምት ወደኋላ ተመልሶ መፈረም የለም!

ቆጣሪው መድኃኒቱን ያልሰጠ ሰው ይሁን፤ ቀኑም አስቀድሞ አይነገር። "ሲያስፈልግ" የሚሰጠው ላይ ደግሞ ለምን እንደተሰጠና ምን ለውጥ እንዳመጣ መጻፉን እይ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው።

ሬጉሌሽን 17 ላይ መልስ የሚሆነው ስህተት ያገኘ ኦዲት ነው፦ ምን ተገኘ፣ ለማን ተነገረ፣ ምን ተደረገ፣ ዳግም ሲቆጠር ምን ታየ። ሦስት ወር ሙሉ መቶ በመቶ የሚል ኦዲት እኔን ያስደነግጠኛል።

ቧንቧና ቴርሞሜትር፦
ውሃው ላይ ልጨምር። ራሱን ከቃጠሎ መጠበቅ ለማይችል ሰው ገንዳ ከ44 ዲግሪ፣ ሻወር ከ41 ማለፍ የለበትም። መዝገቡ ላይ በየቀኑ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ 40፣ 40፣ 40 ካየሽ ሳይለካ መጻፉን ጠርጥሪ። ቴርሞሜትሩንም ፈትኚው፤ በረዶ የሞላው ውሃ ውስጥ ወደ 0 ካልወረደ ጣሉት።

ሙቀቱ ካለፈ ቦይለሩን መቀነስ የተለመደ ስህተት ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ 60 ዲግሪ ካልደረሰ ሌጂዮኔላ (ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ) ሊራባ ይችላል። የሚስተካከለው ቧንቧው አጠገብ ያለው ማደባለቂያ ቫልቭ ነው፤ ለንደንን በመሰለ ውሃው ኖራ በበዛበት አካባቢ ቶሎ ይደፈናል። ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ የአከራዩ ሥራ ነው፤ መቼ እንደተነገረው ከነቀኑ ይመዝገብ። እስኪጠገን ያ ሻወር አይነካም።

ተከራይ ይቅደም፦
የሁለታችሁም ልክ ነው፣ ግን ቤቱ የሰዎቹ ነው። የሙቀት ሰንጠረዥ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። የክኒን ሳጥኑ መኝታ ቤት ካለ አንኳኩታችሁ፣ አስፈቅዳችሁ ግቡ። ብቻውን በደህና የሚታጠብን ሰው በየቀኑ ቴርሞሜትር ይዞ መከተልም ጥበቃ አይባልም፤ ሪስክ አሰስመንቱ (የአደጋ ግምገማው) የእያንዳንዱ ለየብቻ ይሁን። ወጥ ቤት ተቆልፎ ከሆነም ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ዶልስ (በኬር ሆምና በሆስፒታል ነፃነትን ለመገደብ የሚሰጠው ፈቃድ) ሰፖርትድ ሊቪንግ ውስጥ አይሠራም፤ ነፃነት እስከ መንፈግ የሚደርስ ገደብ ለኮርት ኦፍ ፕሮቴክሽን (ራሳቸው መወሰን ለማይችሉ ሰዎች ጉዳይ የተቋቋመው ፍርድ ቤት) መቅረብ አለበት።

የጎንደሯ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በኤጀንሲ የሚመጡት ጊዜያዊ ሠራተኞችስ? ስህተቱ የሚበዛው በነሱ ሹፍት ነው።

ቆጥሮ አደር፦
እንግዲያው ቆጠራውን እነሱ በሠሩ ማግስት ጠዋት አድርጊው። መድኃኒት የመስጠት ብቃቱ በዓይን ታይቶ ያልተመዘገበ ሰው የመድኃኒቱን ቁልፍ አይያዝ፤ የኦንላይን ሰርተፊኬት ብቻውን አይበቃም።