ፖታሲየም ላይ ቆመናል፣ እባካችሁ አግዙን

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ማታ ማታ ፒሪዮዲክ ቴብልን (የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ) አብረን እናጠናለን። የካርቶን ጀርባ ላይ በማርከር ስለን አልጋዋ አጠገብ ለጥፈነዋል። እስከ አርጎን ያሉትን 18ቱን እንደ ውኃ ጠጥታቸዋለች።

19ኛው፣ ፖታሲየም ላይ ግን ቀጥ አልን። ደብተሯ እንደሚለው አንደኛው ሼል (ኤሌክትሮኖች በአቶሙ እምብርት ዙሪያ የሚቀመጡበት ንብርብር) 2፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 18 ኤሌክትሮን ይይዛል። አርጎን 2፣ 8፣ 8 ነው። ሦስተኛው ሼል ገና 10 ቦታ አለው ማለት ነው። ታዲያ ፖታሲየም ለምን 2፣ 8፣ 9 ሳይሆን 2፣ 8፣ 8፣ 1 ይሆናል? ካልሲየምም 2፣ 8፣ 8፣ 2 ነው። ስካንዲየም ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ 2፣ 8፣ 9፣ 2! እርሳሷን አስቀመጠችና «ሕጉ የቱ ነው ታዲያ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ፖታሲየም ከሊቲየምና ከሶዲየም ሥር የተቀመጠው ውጭኛው ሼል ላይ አንድ ኤሌክትሮን ስላለው እንደሆነ ገብቶናል። «4ኤስ ከ3ዲ ቀድሞ ይሞላል» የሚልም አንብቤያለሁ፤ የአራተኛው ሼል ኤስ የሚባለው ክፍል ከሦስተኛው ሼል ዲ ከሚባለው ክፍል በፊት ይሞላል ማለት ነው። ለምን እንደሚቀድም ግን ለእሷ በሚገባት መንገድ ማስረዳት አቃተኝ። ዝም ብለሽ ሸምድጂው ልላት አልፈልግም፤ የጠየቀችው ጥሩ ጥያቄ ነው። ኬሚስትሪ የምታስተምሩ ካላችሁ፣ በቀላል ምሳሌ ብታስረዱን? ዓርብ ፈተና አለባት።