ጥቆማ፦ ሐዋሳ ላይ ብሉ ቺዝ የት ልግዛ? ለጤናስ እንዴት ነው?

የታቦር ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም የሐዋሳ ሰዎች። አንድ ሆቴል ፒዛ ላይ ቀምሼ በጣም ወደድኩት። ያ ሰማያዊ ጅማት ያለው አይብ። ቤት ላስገባ ስል እናቴ «ሻጋታ ልታበይን ነው?» ብላ ተቆጣች። ደም ግፊት አለባት። ከዚሁ ሱፐርማርኬት ልግዛ ወይስ ከአዲስ አበባ ላስመጣ? ጤናውንስ የምታውቁ?

ፒያሳ ሰፈር፦
ፒያሳ የእኔ ደንበኛ ጋ ሂጂ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ። ብሉ ቺዝ ይኑረው አይኑረው አላየሁም፤ ሞዛሬላው ግን አንደኛ ነው።

አቶቴ፦
ሱፐርማርኬት ስትሉ ንዴቴ ተነሳ። ስሙን አልጠራም። ለልደት ብዬ ይህንኑ አይብ ገዛሁ። ስከፍተው ላስቲኩ ውስጥ ውኃ ቋጥሯል፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል፣ ሽታው ዓይን ያስነባል። የተጻፈው ቀን ገና አላለፈም። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ዝም ይላል፤ ሲመጣ መልሶ ያቀዘቅዘዋል። ልመልስ ብል «ሻጋታ እኮ ነው፣ ተፈጥሮው ነው» አሉኝ። ብሬ ቀልጦ ቀረ።

ሐይቅ ዳር፦
እኔም በእርጎ ገጥሞኛል። ልጄን ሌሊቱን ሙሉ አስመለሳት።

መናኸሪያ፦
እኔ ደግሞ በቅቤ።

ፒያሳ ሰፈር፦
የእኔ ደንበኛ ጀነሬተር አለው!

አሞራ ገደል፦
ጎበዝ፣ ልጅቷ ስለ አይብ ጠየቀች እንጂ የጀነሬተር ጨረታ አወጣች እንዴ?

ነርሷ፦
እሺ፣ ወደ ጥያቄው። ሰማያዊው ሆን ተብሎ የሚጨመር ሻጋታ ነው፤ ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ ይባላል። ለጤነኛ ሰው ችግር የለውም። ቤት የሻገተ አይብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደበቀለበት ስለማይታወቅ ይጣል።
ካልሲየምና ፕሮቲን አለው። ለእናትሽ የሚያሳስበኝ ጨው ነው። 30 ግራም ብቻ 1 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ወጡና እንጀራው ውስጥ ያለው ጨውም ከዚሁ ይቆጠራል ማለት ነው። ስለዚህ እሷ ትንሽ ትቅመስ፣ ወይም ይቅርባት። ለድብርት ኤም ኤ ኦ አይ የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይንካው። አይቡ ውስጥ ያለው ታይራሚን ግፊትን በድንገት ያንረዋል።

ሚሚ፦
እህቴ፣ እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ። ፒዛው ላይ ያለውስ?

ነርሷ፦
እንፋሎት እስኪወጣው በደንብ ከበሰለ ችግር የለውም፣ የኔ እህት። ጥሬውን ለስላሳ ብሉ ቺዝ ግን ተዪው፣ ወተቱ ፓስቸራይዝድ (ጀርሙ በሙቀት የተገደለ) ቢሆንም። ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። የፈረንሳዩ ሮክፎር ደግሞ ካልተፈላ የበግ ወተት ነው የሚሠራው።

ሐይቅ ዳር፦
ፔኒሲሊን የማይስማማውስ?

ነርሷ፦
መድኃኒቱ የሚወጣው ከሌላ የሻጋታ ዝርያ ነው። ብዙ ጊዜ ችግር አይፈጥርም። ሰውነትሽ ክፉኛ የሚቆጣ ከሆነ ግን ሐኪምሽን አማክሪ።

የገበያ ሰው፦
እኔ የምለው፣ የእኛ አይብ እያለ ይሄ ሁሉ ለምን? የሲዳማው የእንሰት ምግብ ቡርሳሜ በቅቤ ተለውሶ አጠገቡ ትኩስ አይብ ካለ ሌላ ምን ይፈለጋል?

አቶቴ፦
ብሬን ያልመለሱልኝ ግን ልክ ነው?

መናኸሪያ፦
ከአዲስ አበባ የምታስመጪ ከሆነ በበረዶ ሳጥን ይሁን። አውቶቡስ ውስጥ በፌስታል ከመጣ የአቶቴ ዕጣ ነው የሚደርስሽ። እዚህም ከገዛሽ ላስቲኩን አገላብጠሽ እዪ፤ ውኃ ካጠራቀመ ተዪው። ስትመርጪ ትንሹን ቁራጭ ያዢ፣ ከተከፈተ ብዙ አይቆይም።

ፒያሳ ሰፈር፦
አሁን ደውዬ ጠየቅኩት። ብሉ ቺዝ የለውም። ሞዛሬላ ግን ዛሬ ገብቷል!

ሚሚ፦
ጠያቂዋ፣ የቱን ያዝሽ በመጨረሻ?

የገበያ ሰው፦
አይብ የምትፈልጉ ካላችሁ አንዲት እናት አሉ፣ ታቦር ድረስ ያመጣሉ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።