የመጀመሪያዎቹ የጦር አውሮፕላኖች ዐውደ ርእይ፦ የጋራ ረቂቁ ላይ ውይይት

አስተባባሪ፦ ውድ አባላት፣ ረቂቁ ዓርብ ይዘጋል። አሁን ያለው አራት ሰሌዳና አንድ የሚንቀሳቀስ ሞዴል ነው፦ ሊቢያ 1911፣ ለንደን 1917፣ ዱሄና ሚቼል (አውሮፕላን ጦርነትን ይወስናል ያሉት ጣሊያናዊና አሜሪካዊ መኮንኖች) 1921፣ በመጨረሻም ኢትዮጵያ። ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ አራተኛው ሰሌዳ ላይ ግን ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

ሞዴል ሠሪ፦ የሞዴሉን ስያሜ እናርም። ሞዴሉ መትረየስ በሚዞር ፕሮፔለር መሃል ምላጩን ሳይመታ እንዲተኩስ የሚያደርገውን መሣሪያ ያሳያል፤ ረቂቁ “ተኩስ አቋራጭ” ይለዋል። የ1915ቱ የፎከር (ለጀርመን አውሮፕላን የሚሠራው ድርጅት) መሣሪያ ግን ካሙ (ከፕሮፔለሩ ጋር የሚዞር፣ አፍንጫ ያለው ጎማ) በዞረ ቁጥር “አሁን ተኩስ” እያለ ቃታውን የሚስብ ነው፤ ስለዚህ “ተኩስ አናባቢ” ይባል። ሁለት ምላጭ ያለው ፕሮፔለር በደቂቃ 1,200 ጊዜ ቢዞር፣ ምላጭ በአፈሙዙ ፊት 2,400 ጊዜ ያልፋል። መትረየሱ በደቂቃ የሚተፋው ከ500 ብዙም አይርቅም፤ በየክፍተቱ መተኮስ አይጠበቅበትም።

የሚያስፈልገው፦ 60 ሴ.ሜ. የኮምፔንሳቶ ፕሮፔለር፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ በደቂቃ 300 የሚዞር ባለ 12 ቮልት ሞተር፣ ከዘንጉ ጋር የሚዞር ካም፣ ካሙ የሚጫነው ስዊች። በመትረየሱ ቦታ ቀጭን ጨረር ያለው አምፖል፣ ከፕሮፔለሩ ማዶ ነጭ ሰሌዳ ይቁም። ምላጮቹ ቀይ ይቀቡ። ካሙ የምላጩ መሃል 20 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ስዊቹን ይጫን። የካሙ አፍንጫ ጠባብ ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ ብርሃኑ ይጎተትና ነጥብነቱ ይጠፋል። ካሙን በአንድ ብሎንና ዳዶ ብቻ እንሰረው፦ ፈትተን 20 ዲግሪ ወደኋላ ስንመልሰው ብርሃኑ ቀዩ ምላጭ ላይ ያርፋል። ተመልካቹ ስህተቱን በዓይኑ ያያል። ዙሪያውን ግልጽ ፕላስቲክ መከለያ ግድ ነው፣ በተለይ ልጆች ስለሚመጡ።

የታሪክ ንዑስ ቡድን፦ በ300 ዙር መሣሪያው ከእውነቱ የዋህ ሆኖ ይታያል። ካሙ “ተኩስ” ከሚልበት ቦታ እስከ ቀጣዩ ምላጭ መሃል 160 ዲግሪ አለ። በ1,200 ዙር ይህ 22 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፣ በሞዴላችን ግን 89። እሳት ለመያዝ የዘገየ ጥይት በእውነተኛው አውሮፕላን የራሱን ፕሮፔለር ይበሳል። መግለጫው ላይ ይህ ካልተጻፈ ሞዴሉ ያሳስታል።

ሞዴል ሠሪ፦ ትክክል ነው፣ ይጨመር። ከአጠገቡም የፈረንሳዊውን አብራሪ የሮላን ጋሮስን ዘዴ በላሜራ እናሳይ፦ ምላጩ ላይ የታሰረ ጥይት የሚያነጥር የብረት ሽብልቅ። ጋሮስ ኤፕሪል 18 ቀን 1915 በጀርመኖች እጅ ወደቀ፤ በዚያው በጋ የፎከር አናባቢ አየር ላይ ዋለ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰሌዳ 2ን ብንተወው የሕትመት ወጪ ይቀንስ ነበር።

የታሪክ ንዑስ ቡድን፦ አይተውም። ጁን 13 ቀን 1917 ጎታ የተባሉት የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ለንደን ላይ 162 ሰው ገደሉ። ከዚያ ጩኸት የተለየ አየር ኃይል ይቋቋም ያለው የስመትስ ሪፖርት መጣ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1918 ደግሞ ራሱን የቻለ የእንግሊዝ አየር ኃይል ተቋቋመ። ያለ እሱ ሰሌዳ 3 መሠረት ያጣል። ይልቅ ሰሌዳ 1ን እናሳጥረው። ጣሊያናዊው አብራሪ ጋቮቲ ኖቬምበር 1 ቀን 1911 ሊቢያ ላይ የጣለው አራት ቦምብ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ወደ 2 ኪሎ ገደማ። በመለኪያ ፋንታ አራት ባለ 2 ኪሎ ከረጢት በቅርጫት ይቀመጥ፤ ያነሳ ሰው ይገባዋል። ከዚያ 9 ቀን ቀድሞ የሌላው ጣሊያናዊ አብራሪ የፒያሳ የስለላ በረራ ነበር፣ ለአዛዦቹም ይበልጥ የጠቀመው እሱ ነው ባይ ነን።

ሰሌዳ 3 ላይ ሚቼል በቦምብ ሙከራ ያሰጠመው ኦስትፍሪስላንድ የተባለው የቀድሞ የጀርመን ጦር መርከብ መልሕቅ የጣለ፣ ሰው የሌለበት፣ የማይተኩስ መሆኑ በትልቁ ይጻፍ። የገባውን ውኃ እየቀዳ የሚያወጣ ሠራተኛ ቢኖር ውጤቱ ይህ ይሆን ነበር ወይ? ክርክሩ ያኔም ይኸው ነበር።

አስተባባሪ፦ ሰሌዳ 4 “የዱሄ ንድፈ ሐሳብ በኢትዮጵያ ተፈተነ” ይላል። ይቆይ?

የታሪክ ንዑስ ቡድን፦ ይውጣ። ዱሄ የጠላትን አየር ኃይል መሬት ላይ ማጥፋት፣ ከዚያ ከተማና ፋብሪካ መደብደብ ነበር የሚለው። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የሚዋጋ አየር ኃይል አልነበራትም ለማለት ይቻላል። ደሴ ኅዳር 26 ቀን ተደብድባለች፤ ሆኖም የጣሊያን አውሮፕላን ዋና ሥራ ለእግረኛው መሰለል፣ ስንቅ መጣልና ሠራዊት ማጥቃት ነበር። የሰናፍጭ ጋዙም እንዲሁ ነው፦ ባለ 280 ኪሎው ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ መርዝ ይዞ ከመሬት በላይ እየፈነዳ መንገድና መሻገሪያ ይበክል ነበር።

የአንቺም ጦርነትም ይግባ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.። የመንግሥት አውሮፕላን በሸፈቱት በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ከቦምብ ሌላ በራሪ ወረቀት ጥሏል፤ ወረቀቱ የውግዘት ቃል ነበረበት። “መንፈስ መስበር” የሚለውን የዱሄን ሐሳብ ከደሴ ይልቅ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ያዋጣል።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ሰሌዳ 4 “አውሮፕላን በኢትዮጵያ ሰማይ፣ ከ1921 እስከ 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1929–1936)” ይባል፤ በነሐሴ 12ቱ ፖቴዝ የተባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን መምጣት ይጀምር። ሞዴል ሠሪ የካሙን ንድፍ እስከ ረቡዕ ይላኩ፣ ገንዘብ ያዥ የፕላስቲኩን ዋጋ ያጣሩ።